ማንም የማይጠይቅለት ፋይል

የደንበኛ ዳታ ፕላትፎርም ሊሸጡ የሚመጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ማሳያ ሁሌም ያማረ ነው። የደንበኛው ስም፣ ስልክ፣ የገዛው ዕቃ፣ የከፈለው ብር፣ በድረ ገጹ ላይ ሲያይ የዋለው ሁሉ በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ይወጣል። «ባለፉት ሦስት ወራት ቡና የገዙ፣ ስኳር ያልገዙ» ተብሎ ሲጠየቅ ዝርዝሩ ወዲያው ከተፍ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ይረካል፤ ውሉ ይፈረማል። ከኋላ ሆነን ሲስተሙን የምንተክለው ሰዎች ግን ዓይናችን የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ለማሳያ የቀረበው ካታሎግ ምድቦቹ ሁሉ እኩል ሦስት ደረጃ አላቸው፤ የተደገመ ስም የለም፤ ወላጁ የጠፋ ምድብ የለም። እንዲህ ያለ ካታሎግ በእውነተኛ ሱቅ ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ስለዚህ ላወራችሁ የፈለግሁት በስብሰባ ላይ ስለማይነሳው ፋይል ነው፤ ስለ ምርት ምድብ ተዋረድ። ዴቪድ ራብ የተባለው አማካሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእነዚህ ፕላትፎርሞች ስም ካወጣላቸው ወዲህ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ደንበኛው ፋይል ነው፤ ስሙ ትክክል ነው ወይ፣ ስልኩ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ወይ፣ ኢሜይሉ ይሠራል ወይ ይባላል። የምድብ ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር በኤክሴል ተልኮ ይመጣል፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደተሻሻለ የሚጠይቅ የለም።

ፋይሉ ሲታይ ቀላል ነው። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የምድቡ ቁጥር፣ የወላጁ ቁጥር፣ ስሙ። 07 «መጠጥ» ነው፤ ወላጅ የለውም። 0701 «ትኩስ መጠጥ» ነው፤ ወላጁ 07። 070102 «የተቆላ ቡና» ነው፤ ወላጁ 0701። ደንበኛዋ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ስትቆም ደረሰኙ ላይ የሚመዘገበው የዕቃው ኮድ፣ ብዛቱና ዋጋው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፕላትፎርሙ ስለ እሷ የሚናገረው ነገር ሁሉ፣ «ትኩስ መጠጥ ታዘወትራለች»፣ «ሕፃን ልጅ አላት»፣ «ለጤናዋ ትጠነቀቃለች» የሚለው፣ ከዚህ ፋይል የሚወጣ ነው። ዕቃው የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ለሰውየው ስም ያወጣለታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከቆየሁ በኋላ የምድብ ፋይሉን ከደንበኛው ፋይል ባላነሰ ጥንቃቄ መያዝ እንዳለብን የማምነው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ከዜሮ እንጀምር። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ቡና 0901 ነው፤ ያልተቆላው 0901.11 ሲሆን የተቆላው 0901.21 ነው፤ ሁለቱም ካፌይኑ ያልወጣለት። ምደባው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በየአገሩ አንድ ናቸው። ይህን ዝርዝር የያዘ የሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ «ሴቭ» ብትሉት 0901 የነበረው 901 ይሆናል። ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል። የሱቁ የራሱ ኮድም እንደዚያው ነው፤ 0701 የነበረው 701 ሆኖ ይመጣል።

ጉዳቱ ግን ሰው በሚጠብቀው ቦታ አይደለም። በምድብ ፋይሉ ውስጥ የልጁም የወላጁም ዜሮ አብሮ ስለሚወድቅ ዛፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲስተሙም «ጭነቱ ተሳክቷል» ይላል። ችግሩ የሚመጣው የምርቶቹ ፋይል ከሽያጭ ሲስተሙ በቀጥታ፣ ኤክሴልን ሳይነካ ሲደርስ ነው። ምርቱ 0701 ብሎ ይፈልጋል፤ ዛፉ ላይ ያለው 701 ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ምርቶቹ በሙሉ «ያልተመደበ» ወደሚባለው ቋት ይወርዳሉ፤ የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ማንም አይደወልለትም። ከሳምንታት በኋላ የገበያ ክፍሉ «ቡና ገዢዎቻችን የት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ እኛ የውስጥ ሰዎች አንድ ሲስተም ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ስንፈልግ ያማረውን ገጽ ትተን «ያልተመደበ» እና «ሌላ» የሚሉትን ምድቦች እንከፍታለን። እዚያ ውስጥ የተከማቸው ሽያጭ ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ ማየት ስለ ፕላትፎርሙ ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጥ ይነግራል። የእናንተን ድርጅት ሲስተም መመርመር ብትፈልጉ እዚያው ጀምሩ።

የግዕዝ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን የውጭዎቹ የመመሪያ መጻሕፍት ላይ አታገኙትም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ብዙ ሲስተሞች የምድቡን ሙሉ መንገድ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ያስቀምጣሉ። ይህን ተመልከቱ፦ «የቤት ውስጥ ዕቃዎች > የወጥ ቤት ዕቃዎች > የቡና ማፍሊያና ማቅረቢያ ዕቃዎች > ጀበና፣ ስኒና ረከቦት»። ክፍት ቦታውንና ምልክቱን ጨምሮ 65 ምልክት ነው። ዓምዱ 128 ይይዛል ተብሎ ከተነገራችሁ ግማሹን ብቻ ስለሚሞላ ምንም ስጋት አይገባችሁም። ዓምዱ የሚቆጥረው በባይት ከሆነ ግን ይህ መስመር 159 ባይት ነው። ልክ 128 ላይ ሲቆረጥ ከመጨረሻው ምድብ የሚተርፈው «ጀ» እና የተሰበረ የ«በ» ቁራጭ ነው። ስኒውም ረከቦቱም ጠፍተዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በዚያው ቅርንጫፍ ሥር ያሉ፣ ስማቸው በ«ጀ» የሚጀምር ሌሎች ምድቦች ካሉ ሁሉም በተመሳሳይ ቦታ ተቆርጠው አንድ መሆናቸው ነው።

ሌላው የሆሄ ነገር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት «የቤት ዕቃ» ብሎ ይጽፋል፤ ቅርንጫፉ «የቤት እቃ» ይላል። አንዱ «ሥጋ»፣ ሌላው «ስጋ»፤ አንዱ «የፀጉር ቅባት»፣ ሌላው «የጸጉር ቅባት»። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ዩኒኮድ ለየብቻ ቁጥር የሰጣቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የተለመደው የዩኒኮድ ማስተካከያም አያዋሕዳቸውም። በስም ተመሥርቶ የተጫነ ዛፍ ሁለት የሥጋ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ግማሹ ደንበኛ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይቆጠራል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ማገናኘት በቁጥር ብቻ፤ ስም ለዓይን ብቻ። አንድ ቁጥር ይኑር፤ ከሥሩ የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የእንግሊዝኛው ስም በየዓምዱ ይቀመጥ። ጉግል ለነጋዴዎች የሚያወጣው የምርት ምደባም እንዲሁ ነው የሚሠራው። እዚያ 2271 ቀሚስ ነው፤ ስሙ በየቋንቋው ይለያያል፣ ቁጥሩ ያው ነው።

ቁጥሩ ላይ ከተስማማን የሚቀጥለው ጥያቄ የማን ዛፍ ይጫን የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ነው በየድርጅቱ ጭቅጭቅ የሚነሳው። አንድ ሱቅ ቢያንስ ሦስት ዛፍ አለው። የግዥ ክፍሉ ከአቅራቢው አንጻር ይመድባል፤ ሒሳብ ክፍሉ ከግብርና ከሒሳብ መዝገቡ አንጻር፤ የድረ ገጹ ሰዎች ደግሞ ገዢው ቶሎ እንዲያገኝ አድርገው። በቴክኒክ ረገድ ለማውረድ የሚቀለው የድረ ገጹ ነው፤ ስለዚህ በጥድፊያ የሚጫነውም እሱ ነው። እዚያ ላይ ግን «ለፋሲካ»፣ «ቅናሽ»፣ «አዲስ የገቡ» የሚሉ ቅርንጫፎች አሉ። እነዚህ የዕቃ ዓይነት አይደሉም፤ የወቅት ማስታወቂያ ናቸው። በዓሉ ሲያልፍ ቅርንጫፉ ይነሳል፤ በሥሩ የተመዘገበው ሽያጭ ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ከዚያም በላይ አንድ ዕቃ በድረ ገጹ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰቀላል። የ1,000 ብር ድስት «የወጥ ቤት ዕቃ» ሥርም፣ «የሠርግ ስጦታ» ሥርም ካለ፣ ሁለቱም ቅርንጫፎች ደግሞ ወደ አንድ ግንድ ከወጡ፣ ሲስተሙ ወደ ላይ ሲደምር 2,000 ብር ያደርገዋል። ድስቱን የገዛችው ሴት በአንድ ጀንበር ከፍተኛ ገዢ ትባላለች። የእኔ ፍርድ የማያሻማ ነው፤ ለደንበኛ ትንተና የግዥ ክፍሉን ዛፍ ውሰዱ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዋና ወላጅ ብቻ ስጡ፣ የበዓሉንና የቅናሹን ነገር ዕቃው ላይ በሚለጠፍ ምልክት ያዙት።

የጭነቱ ቅደም ተከተል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ወላጅ ከልጅ በፊት፣ ምድብ ከምርት በፊት፣ ምርት ከሽያጭ በፊት። ሀ የለ ልጅ፣ ለ የሐ ልጅ፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ የሀ ልጅ ሆኖ የተገኘበት ፋይልም አለ፤ እንዲህ ያለው ክብ መንገድ ከመጫኑ በፊት ካልተያዘ ሲስተሙ ግንዱን ፍለጋ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። ይህን የሚፈትሽ አጭር ኮድ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የተቆረጠ ፋይል ግን ሊብራራ ይገባዋል፤ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት እሱ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቸርቻሪ ድርጅት በየሌሊቱ ሙሉ የምድብ ፋይል ይልክ ነበር። ፕላትፎርሙ የተዋቀረው «በዛሬው ፋይል ውስጥ የሌለ ምድብ ተሰርዟል ማለት ነው» በሚል ሕግ ነው። አንድ ሌሊት ኔትወርኩ መሐል ላይ ተቋረጠና ፋይሉ በግማሹ ደረሰ። ሲስተሙ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ያልደረሰውን ግማሽ ዛፍ ሰረዘ። ጠዋት ላይ በተሰረዙት ቅርንጫፎች ላይ የተመሠረቱ የደንበኛ ቡድኖች ሁሉ ባዶ ነበሩ። «የሕፃናት ዕቃ ለሚገዙት አትላኩ» የሚል ማገጃ የተደረገበት መልእክት፣ የማገጃው ቡድን ባዶ ስለሆነ፣ ለሁሉም ሄደ። መልእክት አንዴ ከወጣ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ቦታ ሁሉ የምጠይቀው አንድ አጥር አለ፦ የዛሬው ፋይል ከትናንቱ በተወሰነ መቶኛ ካነሰ ጭነቱ ይቁም፣ ሰው ይጠራ። የመስመሮቹም ቁጥር በፋይሉ መጨረሻ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ አይጫን። ሻጮቹ ይህን አጥር በራሳቸው አነሳሽነት ሲያቀርቡ እምብዛም አላየሁም፤ ገዢው መጠየቅ አለበት።

የታሪክ ጉዳይም አለ። የሕፃናት ዱቄት ወተት እስከ ዛሬ «ምግብ» ሥር ነበር እንበል፤ ከነገ ጀምሮ «የሕፃናት ዕቃ» ሥር ይገባል። አዲሱ ወላጅ በአሮጌው ላይ ከተጻፈበት የአምናው ሪፖርት በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ ያኔ የምግብ ገዢ የተባለው ሰው ዛሬ ድሮም የሕፃናት ዕቃ ገዢ ነበር ይባላል። የዳታ መጋዘን ሰዎች ከራልፍ ኪምቦል መጻሕፍት ጀምሮ ለዚህ መልስ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ የወላጅና ልጅ ግንኙነት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል መጠበቅ። የደንበኛ ፕላትፎርሞች ግን ብዙዎቹ የሚያስቀምጡት የዛሬውን ብቻ ነው። ፕላትፎርሙ ካልያዘላችሁ እናንተ በራሳችሁ በኩል የየቀኑን ፋይል ከነቀኑ አስቀምጡ።

አሁን በሹክሹክታ ልናገር ወደምፈልገው ነገር ልምጣ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ በየሳምንቱ ይገዛ የነበረ ጿሚ ቤተሰብ በእነዚህ ቀናት አይገዛም። ከውጭ የመጣ ፕላትፎርም ደግሞ «በ30 ቀን ውስጥ ከዚህ ምድብ ያልገዛ ደንበኛ እየራቀን ነው» የሚል ሕግ ተዘጋጅቶለት ይመጣል። ውጤቱን መገመት አያዳግትም፤ በጾሙ እኩሌታ ላይ «ናፈቅንዎት፣ በቅቤ ላይ ቅናሽ አለ» የሚል መልእክት ለጿሚው ይደርሰዋል። ይህ የሚያስቀይም ነው፤ ሰው እምነቱ የተናቀ ያህል ይሰማዋል።

የገበያ ክፍሉ ይህን ሲያይ የሚያመጣው መፍትሔ ከችግሩ የባሰ ነው። «የጾም ምግብ» የሚል ምድብ ይከፈት፤ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ተልባው፣ ምስሩ እዚያ ይግባ፤ ከዚያ የሚገዛውን ለይተን መልእክት እንላክለት ይባላል። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ይህ ምድብ ከደንበኛ መዝገብ ጋር የተገናኘ ዕለት ድርጅቱ ሳያስበው የሰዎችን ሃይማኖት በስምና በስልክ ቁጥር የዘረዘረ መዝገብ ያዘ ማለት ነው። በረመዳን ለቴምር ገዢዎች የሚከፈተው ምድብም ልዩነት የለውም። የስኳር በሽታ መለኪያ፣ የእርግዝና መመርመሪያ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚሰቀሉባቸው ቅርንጫፎች ደግሞ የጤና መዝገብ ናቸው። ማንም ቅጽ አልሞላም፣ ማንም አልተጠየቀም፤ ዛፉ ብቻውን ተናገረ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ታርጌት ስለተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ የጻፈውን ብዙዎች ያስታውሱታል፤ የኩባንያው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ወደ 25 የሚሆኑ ምርቶችን አንድ ላይ አይቶ ነፍሰ ጡር ደንበኞችን የሚገምት ቀመር ሠርቶ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ሽታ አልባ ቅባት ይገኝበታል። ለብቻው ሲታይ ምንም የማይናገር ዕቃ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር የአንዲትን ሴት ምስጢር አወጣ። እኛ ጋ ለዚህ ቀመርም አያስፈልግም፤ የምድቡ ስም ራሱ ሁሉን ነገር ጽፎት ይገኛል።

የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሃይማኖትንና ጤናን የሚገልጥ መረጃ በአንቀጽ 9 ልዩ ጥበቃ ይሰጠዋል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እሱም ስሱ የግል መረጃ ለሚላቸው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የምድብ ፋይል የሚጭነው ባለሙያ ግን ሕጉ እሱን የሚመለከት አይመስለውም፤ የእሱ ፋይል ውስጥ የሰው ስም የለምና። ስሙ ባይኖርም የሚያጋልጠው ፋይል የእሱ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። «የጾም» የሚለው ዕቃው ላይ የሚለጠፍ ባሕርይ ይሁን፤ ገዢው ድረ ገጹ ላይ ሲፈልግ ያግኘው፤ ወደ ደንበኛ ፕላትፎርሙ ግን አይተላለፍ። የቅቤውን መልእክት ለማቆም የማንንም እምነት ማወቅ አያስፈልግም፤ የቀን መቁጠሪያው ይበቃል። በዐቢይ ጾም ወቅት የቅቤና የሥጋ ማስታወቂያ ለሁሉም ይቁም፤ «ራቀን» የሚለው ሕግም እነዚያን 55 ቀናት አይቁጠር። የመድኃኒት ቤቱ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ፕላትፎርሙ ሲገባ ከላይኛው ደረጃ አይለፍ፤ «የጤና ዕቃ» ብቻ ይባል፤ ከሥሩ ያለው ዝርዝር በሽያጭ ሲስተሙ ውስጥ ይቅር። የገበያ ሰዎች ትንተናው ይደፈርሳል ብለው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። ይደፍርስ። ስለ አንድ ሰው ሕመም ማወቅ የሳሙና ሽያጭ አያሳድግም፤ ቢያሳድግም መብቱ የለንም።

በድርጅታችሁ እንዲህ ያለ ፕላትፎርም ሊገዛ ወይም ሊተከል ከሆነ ለሻጩ የራሳችሁን የምድብ ፋይል፣ ከነችግሩ፣ ስጡትና በዓይናችሁ ፊት ይጫነው። ከዚያ ፋይሉን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም መድቡ፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያለ እሱ ፊርማ አይከፈት። እሱም ከመፈረሙ በፊት «ይህ ምድብ ከአንድ ሰው ስም አጠገብ ቢጻፍ ሰውየውን ይጎዳዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ቀድሞ የተጫነ ዛፍ ካላችሁም ነገ ጠዋት ከፍታችሁ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ በዚህ ጥያቄ እለፉባቸው።